የቀይዋ ጣውላ እቁብ

የማንንም ስም አልጽፍም። አብዛኞቹ ዛሬም አቃቂ ገበያ ላይ የማገኛቸው፣ ቆመን የምንሳሳቅ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ማን ማን እንደነበረ ካልተናገርኩ ታሪኩ አይያዝም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ልጥራቸው።

አንደኛዋ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ያን ጊዜ ባለትዳር፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል በኮንትራት የምትሠራ ነበረች። ሁለተኛዋ የእቁባችን ዳኛ ናት፤ በልጅነቷ ከጉራጌ አገር የመጣች፣ ባሏ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፣ ከልጄ ሁለት ማሽን አልፋ የምትሠራ ሴት። ሦስተኛው የሽመና ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ዲግሪ ያለው፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ወጣት። ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። አራተኛው ፋብሪካውን ከመንግሥት የገዛው ባለሀብት ነው፤ ዕድሜውን መርካቶ በንግድ ያሳለፈ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ዘይት ማጠጫ ይዤ በማሽኖቹ መካከል የምዞር የጥገና ሠራተኛ። በእኛ ፈረቃ ከልጄና ከዳኛዋ ጋር ሃምሳ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ።

ስድስተኛዋ ሰው አይደለችም። የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ቀይ ቀለም የተቀባች፣ ከላይዋ የተበሳች ጣውላ ናት። ነገሩ ሁሉ የእሷ ነው።

ፋብሪካው በመንግሥት እጅ ሳለ ሽንቱ የመጣበት ሰው ማሽኑን ለጎረቤቱ በእጁ ጠቁሞ ይወጣ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ገና የጤፍ ማሳ የነበረበት ጊዜ ነው የማወራው። ባለሀብቱ ከገዛው በኋላ ግን ሠራተኛው ሽንት ቤት እየሄደ ወሬ ያወራል ተባለ። ውሸት ነው አልልም፤ የሚያወራ ነበር። መድኃኒቱ ግን ከበሽታው የባሰ ሆነ። ከኃላፊው የመስታወት ክፍል አጠገብ ሁለት ምስማር ተመታ፤ አንዱ ላይ ለወንዶች ሰማያዊ ጣውላ፣ ሌላው ላይ ለሴቶች ቀይ ጣውላ ተሰቀለ። ጣውላውን ያልያዘ መውጣት አይችልም። ሦስት ጊዜ ያለ ጣውላ የወጣ ይሰናበታል።

ለሃምሳ ዘጠኝ ሴት አንዲት ጣውላ። ሴቶቹ «ፓስፖርት» አሏት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያየ ሰው አይረሳቸውም። ጣውላዋ ምስማሩ ላይ ስትመለስ አራት አምስት ሴት ከየማሽኑ ተነስቶ ይሮጣል። ጉልበት ያላት ትይዛለች፤ ያልደረሳት አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ክሯ ተበጥሶ፣ ማሽኗ ቆሞ ታገኘዋለች፤ ለቆመው ማሽን ደግሞ ትወቀሳለች። አንዷ ከቆየች የተቀሩት ስትመጣ ጠብቀው፣ «ምነው፣ ፓስፖርቱን ይዘሽ አውሮፓ ገባሽ እንዴ?» ይሏት ነበር። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። ብዙዎቹ ጠዋት ውሃ መጠጣት ተዉ። አንዷ ከማሽኗ ሥር ወደቀችና ተሸክመን አወጣናት።

ልጄ ሁለት ጊዜ ያለ ጣውላ ወጣች። ሁለቱንም ጊዜ ተመዘገበባት። የቀራት አንድ ነበር።

እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት በሥራና በእውነት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከማሽን ላይ ከተጻፈ ጽሑፍና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ለሥራ ያለኝ አክብሮት ከሌላው ሰው ይበልጣል መሰለኝ። ሕግ ቢከብድም ሕግ ነው እላለሁ። ማታ እራት ላይ ይህንኑ ነገርኳት፤ ታገሺ፣ ውሃ ቀንሺ፣ ኮንትራትሽ እስኪታደስ ጥርስሽን ንከሺ አልኳት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣

«አባባ፣ እኔ ካልጠጣሁ እሱ ከየት ይጠጣ?» አለችኝ።

እንጀራዬን ቆረስኩ።

ነገሩን የገለበጠችው ዳኛዋ ናት። የዛን ጊዜ ሴቶቹ የገንዘብ እቁብ ነበራቸው፤ በየደሞዙ ይጥላሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ ለወጣላት ይሰጣል። ችግር የገጠማት፣ ልጅ የምትድር ወይም ሐዘን የደረሰባት ስትኖር ዕጣ የወጣላት ትለቅላታለች። በእቁብ የተጣላ እንጂ እቁብ የካደ አላየሁም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት፣ በአጥሩ ሥር ባሕር ዛፎቹ ጋ ተቀምጠን ዳቦ በሻይ ስንበላ፣ ዳኛዋ ድንገት ገንዘብ በተራ ከደረሰን ሽንት ቤትስ በተራ ለምን አይደርሰንም አለች። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ጠዋት ጠዋት ከሳይረኑ በፊት ዕጣ እናውጣ አለች፤ አንደኛ የወጣላት አንደኛ ትሄዳለች፣ ሁለተኛዋ ሁለተኛ፣ እየተባለ እስከ መጨረሻዋ። ሩጫ የለም። የቸኮለባት ለምና ተራ ትወስዳለች፤ ተራ የወሰደችው ደግሞ በምላሹ የሰጠቻትን ሴት ክር ትቀጥልላታለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል አሉ። ጸሐፊያችን ሆነዋል።»

በሴቶች የሽንት ጉዳይ ሽማግሌ ሰው ምን አገባው ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን እንደኔ ያለ ቁጡ ብዙ አይታለች መሰለኝ፣ በረጋ ድምፅ አስረዳችኝ፤ በክፍሉ ውስጥ በነፃነት የሚዞር እኔ ብቻ ነኝ፤ ዘይት እያጠጣሁ ስዞር ተራው የማን እንደሆነ በምልክት ብናገር ማንም አያውቅም። ልጄ ከጎኗ ተቀምጣ ነበር፤ ዳቦዋን እንኳ አልነካችም። ተቀበልኩ።

የክር ማጠንጠኛ ካርቶን እየቆረጥኩ ቁጥር ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ሳይነሳ፣ ዳኛዋ ነጠላዋን ዘረጋች፣ ካርቶኖቹ ተበተኑ፣ ሴቶቹ እየተሳሳቁ አነሱ። «ሦስተኛ! ተመስገን!» ያለች አለች። መጨረሻ የደረሳት ደግሞ «ዛሬ ግመል ነኝ» ብላ አሳቀችን።

የሽመና ክፍልን የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ይወቅልኝ፤ እዚያ ውስጥ ጆሮ ሥራ የለውም። ማሽኖቹ ሲጮኹ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ቢጯጯሁ እንኳ አይሰማሙም። ስለዚህ ሁላችንም በእጅና በከንፈር እናወራ ነበር። የምሳ ምልክት አለ፣ የክር መበጠስ ምልክት አለ፣ የኃላፊው ምልክት አለ፤ እሱም ጫማ መወልወል ነበር። አሁን አንድ አዲስ ጨመርን። ጣውላዋ ወደ ምስማሯ ስትመለስ እኔ በማሽኖቹ መካከል አልፌ ባለተራዋ ጋ ስደርስ ዘይት ማጠጫዬን ሁለት ጊዜ ዝቅ አደርጋለሁ። እሷ ትነሳለች፤ ጎረቤቷ ማሽኗን ትይዛለች። አንዷ ስትመለስ አንዷ ትሄዳለች። የሚሮጥ የለም። የሚቆም ማሽን የለም።

እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ያስደሰተኝ ሥራ ጥቂት ነው። ጠዋት ስነሳ እንደ ወጣት እቸኩል ነበር። ሚስቴ ምን ነካህ እስክትለኝ ድረስ መንገድ ላይ ለብቻዬ እስቅ ነበር። ልጄ በቀን ሦስት አራት ተራ ታገኛለች፤ አንዷ ዛሬ አልቸኮለብኝም ብላ ትለቅላታለች፣ ሌላዋ አንቺ ለሁለት ነው የምትሸኚው እያለች ትሰጣታለች። ልጄም የሰጧትን ሁሉ ክር ትቀጥልላቸዋለች፤ እጇ ፈጣን ነበር። ውሃ መጠጣት ጀመረች። ፊቷ ተመለሰ።

ምርቱ ጨመረ። ኃላፊው በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ጣውላዋ ዲሲፕሊን አመጣች ብሎ ተናገረ። ሴቶቹ ሁሉ አጨበጨቡ። ዳኛዋ ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበች።

ከዚያ የማይረሳው ቀን መጣ።

ልጄ ያን ቀን ሆዷን ይከብዳት ነበር። እስከ ምሳ ሦስት ጊዜ ሄደች። ከምሳ በኋላ አራተኛ ተራ ተለቀቀላትና ጣውላዋን ልታነሳ ስትል ኃላፊው ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። ምን እንዳላት ከሩቅ ከከንፈሩ አነበብኩ፤ አንቺ ዛሬ ስንት ጊዜ ወጣሽ ነው ያላት። እሷ ጣውላዋን ጠቆመች፤ ሕጉን አክብሬያለሁ ማለቷ ነው። እሱ ጣውላዋን ከምስማሩ አውርዶ ክፍሉ ውስጥ አስገባ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተታት፣ ቆለፈ። ከዚህ በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ የለም ማለቱ ነው።

ልጄ ወደ ማሽኗ አልተመለሰችም። እዚያው፣ ከምስማሩ ሥር ቆመች። እግሮቿን አጣብቃ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ያለ ጣውላ ብትወጣ ሦስተኛዋ ናት፤ ሥራዋም አበቃ ማለት ነው። ኮንትራት ላይ ላለች ነፍሰ ጡር ሌላ ፋብሪካ በሩን አይከፍትም። አባት መሆንና ጸሐፊ መሆን በአንድ ላይ መጣብኝ።

ያኔ የሆነውን ማንም አላዘዘም። ይህን ብዙ ሰው አላመነኝም፤ እኔ ግን ዓይኔ ምስክር ነው። ከልጄ ቀጥሎ ተራ የነበራት ሴት ጊዜዋ እንደደረሰ አስባ ተነሳች፤ ሄደች፤ ጣውላዋ የለችም፤ ከልጄ ኋላ ቆመች። ቀጥሎ ሌላዋ መጣች፤ ከእሷ ኋላ ቆመች። እቁብ ነዋ። ተራሽ ሲደርስ ትቀርቢያለሽ፤ ከኔ በፊት ያለችው አልተሰጣትም ብለሽ ተራሽን ጥለሽ አትሄጂም። ጎረቤቶቻቸው መጀመሪያ ሁለት ሁለት ማሽን ያዙ፤ ከዚያ የእነሱም ተራ ደረሰ። ክር ተበጠሰ፤ የሚቀጥል የለም። አንድ ማሽን ቆመ። ሌላው ቆመ። እንደ ዝናብ ማባራት ነው፤ ድምፁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

በዚያ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በሥራ ሰዓት የራሴን ትንፋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ደስታም ነበረበት።

ኃላፊው ከመስታወቱ ጀርባ ስልክ ላይ ነበር። ባለሀብቱ ግን ስልክ አላስፈለገውም፤ ጸጥታው ቢሮው ድረስ ሄዶ ጠርቶታል። ኮቱን እያስተካከለ ገባ። የተሰለፉትን ሴቶች አየ፣ የቆሙትን ማሽኖች አየ።

ኃላፊው ሮጦ አድማ ነው አለው። ያን ጊዜ «አድማ» ቀላል ቃል አልነበረም፤ ቃሉ ከተጻፈ ፖሊስም ቀበሌም ይመጣል። ባለሀብቱ ማን አቁሙ አላችሁ ብሎ ጮኸ።

ዳኛዋ ከሰልፉ መካከል ነበረች። ከቦታዋ አልወጣችም።

«ማንም አላለንም ጌታዬ። ተራችንን እየጠበቅን ነው።»

«የምን ተራ?»

«የእቁብ።»

«የምን እቁብ?»

«የሽንት።»

ከሰልፉ መጨረሻ አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባለሀብቱ አልሳቀም። ግንባሩን አከከ። መርካቶ በእቁብ ያደገ ሰው ነው፤ የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው በእቁብ እንደሆነ በየስብሰባው ይነግረን ነበር። ዳኛዋ ማን ናት ብሎ ጠየቀ፤ እኔ ነኝ አለች። ዕጣው መቼ ወጣ አላት፤ ጠዋት፣ በሁላችን ፊት አለች። አሁን የማን ነው አላት፤ በጣቷ ልጄን አሳየች። ልጄ ግድግዳውን እንደያዘች ላቧ በጉንጮቿ ይወርድ ነበር።

ባለሀብቱ ወደ ኃላፊው ዞረ።

«የወጣ ዕጣ ይያዛል እንዴ? አንተ እቁብ ጥለህ አታውቅም?»

መሳቢያው ተከፈተ። ጣውላዋ ለልጄ ተሰጠች። ልጄ በሆዷ ስር እጇን አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ በጓሮ በር ወጣች። ሽንት ቤቱ በወንዙ በኩል ካለው አጥር ሥር ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ባለሀብቱም ጠበቀ። ሰዓቱን አየ።

ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር።

ኃላፊው ጣውላዋስ አላት። ጉድጓድ ውስጥ ናት አለችው። ይህን ጊዜ ኃላፊው ክፉ አይደለም ያልኩትን የሚያረጋግጥ ነገር አደረገ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወድቃብሽ ነው አይደል?» አላት።

በር እየከፈተላት ነበር። አዎ ብትል አለቀ፤ የወደቀ ዕቃ ነው። ልጄ ዓይኗን አንስታ እኔን አየች። እኔ ውሸት የዋሸን ልጅ እራት አላበላም ብዬ ያሳደግኩ አባት ነኝ። ያን ደቂቃ ግን አዎ በይ፣ ልጄ፣ አዎ በይ ብዬ በልቤ ለመንኳት። በአፌ ግን አልተናገርኩም፤ ፊቴም ምን እንዳለ አላውቅም።

«አልወደቀችም» አለች። «ጣልኳት።»

ኃላፊው ወደ ባለሀብቱ ተመለከተ። የባለሀብቱ ፊት ጠቆረ፤ በገዛ ክፍሉ፣ በሠራተኞቹ ፊት፣ የድርጅቱ ንብረት ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎበታል። አሰናብታት ሊል አፉን ሲከፍት ዳኛዋ ቀደመችው።

«ዋስ አላት ጌታዬ።»

«ማነው ዋሷ?»

«እኛ።»

ዞር ብላ አላየችም። ማየት አላስፈለጋትም፤ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ እጃቸውን አነሱ። በዕድሜ የገፉት፣ ዝምተኞቹ፣ ጣውላዋን በጉልበት ይነጥቁ የነበሩትም ሳይቀሩ። የእኔም እጅ ተነስቶ ነበር፤ ዘይት ማጠጫውን እንደያዘ፤ ዘይቱ በክንዴ ሲወርድ ነው ያወቅሁት።

እቁብተኛ ያጎደለውን ዋሱ ይከፍላል፤ ከተከፈለ በኋላም ነገር አይኖርም። ይህን ከባለሀብቱ የተሻለ የሚያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ሕጉን ደግሞ አሁን በገዛ አፉ አስከብሯል። ከዚያ አናጢውን ጥሩልኝ አለ። አናጢው መጣ፤ እንጨቱን፣ ቀለሙን፣ ሽቦውን፣ የእጁን ዋጋ ደምሮ አሥራ አምስት ብር አለ። ኃላፊው ከደሞዝ እንቁረጥ ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛዋ እቁብ በእጅ ነው የሚከፈለው አለች። ባለሀብቱ ይሁን ብሎ እጁን አወዛወዘ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣

«ሌላ አታሠራ» አለው ኃላፊውን። «ለአንዲት ጣውላ ብዬ ይሄን ሁሉ ማሽን አላቆምም።»

ሴቶቹ ወደየማሽናቸው ሮጡ። አንድ ማሽን ተነሳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ክፍሉ እንደገና ተናወጠ። በዚያ ጩኸት ውስጥ እልልታ ነበር፤ ማንም አልሰማውም፤ እኔ ግን ከከንፈሮቻቸው አይቼዋለሁ።

ማጋነን አልወድም። ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ ደግ አልሆነም። የምሳ ሰዓታችንን አሳጠረ፤ ኮንትራቱም ኮንትራት ሆኖ ቀረ። የወንዶቹም ሰማያዊ ጣውላ ምስማሯ ላይ ብዙ ወራት ተሰቅላ ቆየች፤ ወንዶቹ እቁብ አልነበራቸውማ። ስለዚህም ነው ለልጆቼ ሁሉ የምላቸው፤ መብት ከሰማይ አይወርድም፤ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ መኖር የሚችል ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። ልጄ ግን አልተባረረችም፤ ኮንትራቷም ታደሰ፤ ወልዳ ወደዚያው ማሽን ተመለሰች።

ያን ዕለት ማታ ቤት ስንገባ፣ የሰው ንብረት መጣል መጥፎ ንብረት እንኳ ቢሆን ትክክል አይደለም አልኳት። አውቃለሁ አባባ አለችኝ። ከዚያ በሰፊው ኩባያ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት፤ ጨርሳ ጠጣች።

በማግስቱ ጠዋት በአጥሩ ሥር ዳኛዋ ነጠላዋን ዘረጋች፤ በዚህ ጊዜ ለዕጣ አይደለም። ሴቶቹ እየመጡ ጣሉ። እኔን አልፋ ትሄዳለች ብዬ ቆሜ ሳይ፣ ጸሐፊም እቁብተኛ ነው ብላ ነጠላውን ወደ እኔ ሳበችው፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሴትና አንድ ሽማግሌ ስድሳ ሆንን። የጣውላዋ ዋጋ ለስድሳ ተካፈለ፤ ለእያንዳንዳችን የደረሰን ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር።